ከያዙት ሙያ ወደ ሌላ ስለ መሻገርና ስለ ፍርሃቱ

አንድ ሰው የያዘው ሥራ እንጀራ እያበላው ልቡ ግን ወደ ሌላ ሥራ ሲሳብ፣ እንዳይሻገር የሚያግደው ምንድን ነው? ስንፍና ነው እንዳንል፣ እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ በያዘው ሥራ ትጉህ ሆኖ ይገኛል። የችሎታ ማነስ ነው እንዳንልም፣ አዲሱን ሥራ ገና አልሞከረውም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ እገዳ፣ ማለት ፍርሃቱን ነው። ጉዳዩ ከኛ ከተማሪዎቹ ሩቅ አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎቹ የሚማሩበትን ክፍል የመረጠላቸው ከፍላጎታቸው ይልቅ የፈተና ነጥባቸው ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ከምረቃ በኋላ፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት፣ በራችንን ማንኳኳቱ አይቀርም። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ዓ.ም. ካላልን በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሰውን ውሳኔ የመረመሩት ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 ባወጡት ጥናት፣ ሰው የሚያጣውንና የሚያገኘውን በአንድ ሚዛን እንደማይመዝን አስረድተዋል። መቶ ብር የማጣት ሕመም መቶ ብር ከማግኘት ደስታ ይበልጣል፤ በ1992 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ብልጫውን ሁለት እጥፍ ከሩብ ያህል አድርገው ገምተውታል። ይህን ወደ ሙያ ስናመጣው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። የወር ደመወዝ፣ የጡረታ መብት፣ በሠፈር ሰው ዘንድ «የባንክ ሠራተኛ ነው» መባል፣ እነዚህ ሁሉ የሚቆጠሩና የሚዳሰሱ ናቸው። የሚመጣው ሥራ ግን ገና ስም እንኳ የለውም። ስለ ሆነም ሚዛኑ ሰውየው ማመዛዘን ሳይጀምር አዘንብሎ ይቆያል። ከዚህም በላይ ቶማስ ጊሎቪችና ቪክቶሪያ ሜድቬክ በ1990ዎቹ ስለ ጸጸት ባደረጉት ምርመራ፣ ሰው በቅርቡ አብዝቶ የሚጸጸተው ባደረገው ነገር፣ ዕድሜው ወደ ኋላ ሲታይ ግን ባላደረገው ነገር መሆኑን ተመልክተዋል። ፍርሃት የሚያስጠነቅቀን ስለ መጀመሪያው ጸጸት ነው፤ ስለ ሁለተኛው ዝም ይላል።

ይህ ትንታኔ መልካም ቢሆንም ስለ አንድ ብቸኛ ሰው የተነገረ ይመስላል። በኛ አገር ደመወዝ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ታናሽ እኅት የምትማርበት፣ እናት የምትጦርበት፣ ዕቁብ የሚጣልበትና ለዕድር የሚዋጣበት ነው። ሥራውን የሚለቅ ሰው የራሱን እንጀራ ብቻ ሳይሆን የእነዚህንም ጭምር ይነካል። ሁለተኛም የሰው ዓይን አለ። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩና አዝማሪው ሥራቸው እየተፈለገ እነሱ ሲናቁ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ያሳያል። ዐዋጁ ስድቡን ቢከለክልም ሥራን በማዕረግ የመደርደሩ ልማድ ዛሬም አልጠፋም። በሕግ የተመረቀ ልጅ ንብ ማነብ ቢጀምር «ተምሮ ተምሮ…» የሚለው አነጋገር ከየጎረቤቱ ይሰማል፤ ዐረፍተ ነገሩን የሚጨርሰው የለም፣ መጨረስም አያስፈልገውም።

ስለዚህ በኛ ዘንድ የሚያስፈራው ከአዲሱ ሥራ ክብደት ይልቅ በአሮጌው ሥራ ላይ ተስፋ ላደረጉት ሰዎች ያለብን ዕዳ ነው እንላለን። ይህን አስተያየት በታወቁ ሰዎች ሕይወት ላይ ብናየው ይሻላል።

በ1932 በአንኮበር የተወለዱት ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ዘመኑን ማሰብ ያስፈልጋል። በጠላት ወረራ ጊዜ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ አልቀዋል፤ መንግሥት ወደ ውጭ የሚልካቸው ጥቂት ልጆች ለአገር ግንባታ የተቆጠሩ ናቸው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይህን አደራ ተሸክሞ ሄዶ «ማዕድኑ ይቅርብኝ፣ ሥዕል ልማር» ማለቱ ቀላል ነገር አይደለም። እሳቸው ግን በለንደን የሥነ ጥበብ ትምህርታቸውን ፈጽመው ተመለሱና በ1954 በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ትርኢታቸውን አሳዩ። ከዚያም ወደ አውሮፓ ተመልሰው ከሌላው ሁሉ ጋር የመስተዋት ሥዕልን ጥበብ አጠኑ። በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ የሚታየውን 150 ካሬ ሜትር የሚያህለውን የመስተዋት ሥዕል የሠሩት በዚህ ጥበብ ነው። አደራው አልቀረም፤ በሌላ ገንዘብ ተከፈለ።

የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን አካሄድ ከዚህ ይለያል። እሳቸው መጀመሪያ ሕግን ጨረሱ፤ በ1959 ከቺካጎው ብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት ተመረቁ። በማግሥቱ ዓመት በዩኔስኮ የትምህርት ዕድል ወደ አውሮፓ ተሻግረው በለንደንና በፓሪስ ቴአትር ቤቶች የመድረክን ሥራ ተማሩ። ሲመለሱም፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ይባል የነበረውን የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር ለብዙ ዓመታት መሩ። ልብ ማለት የሚገባው ግን ድንገት ዘለው አለመሄዳቸው ነው። ገና በተማሪነታቸው ተውኔት ጽፈው ለመድረክ ያበቁ ነበሩ። ከውጭ ለሚያየው ሕግን ትተው የሄዱ ይመስላሉ፤ በውስጡ ለሚያየው ግን ወደ ጀመሩት ነገር ተመለሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ አንባቢን ማታለል ይሆናል። መጽሐፍ የሚያስታውሰው የቀናቸውን ብቻ ነው። ሥራቸውን ለቀው፣ ያሰቡት ሳይሳካ፣ የቀድሞ ወንበራቸውም ተይዞ የጠበቃቸው ሰዎች ታሪክ አይጻፍላቸውም። ስለዚህ ከሁለት ዝነኞች ሕይወት «ልቀቁና ሂዱ» የሚል ትምህርት ማውጣት አይገባም። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚ ምሁር ስቲቨን ሌቪት ለዚህ ችግር ጥሩ ዘዴ አግኝተው ነበር። በትልቅ ውሳኔ ላይ ያመነቱ ፈቃደኛ ሰዎች ሳንቲም እንዲወረውሩ አደረጉ፤ ከስድስት ወርም በኋላ ጠየቋቸው። በ2021 በታተመው ጥናት መሠረት፣ ዕጣው «ለውጥ» ብሎ የወጣላቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ የመለወጣቸው ዕድል ሰፋ፤ በኑሯቸውም ይበልጥ ተደስተው ተገኙ። ይሁን እንጂ ወርዋሪዎቹ ሁሉ አስቀድመው በሁለት ልብ የቆሙ ሰዎች ናቸው። ለነሱ የሠራው ልቡ ላልተከፈለ ሰው ይሠራል ማለት አይደለም።

እንግዲህ ፍርሃቱን ማጥፋት ሳይሆን መዘርዘር ይቻላል። የስንት ወር ወጪ በእጅ አለ? በደመወዙ የሚኖሩት እነማን ናቸው፣ ከነሱስ ጋር ተነጋግረናል ወይ? በብዙ ቤት ይህ ሁለተኛው ንግግር ፈጽሞ አይደረግም፤ ልጁ ወላጆቹ ያዝናሉ ብሎ ይፈራል፣ ወላጆቹ ደግሞ ልጁ ደስ ብሎት የሚሠራ ይመስላቸዋል። በዕረፍት ጊዜና በማታ አዲሱን ሥራ በጥቂቱ መቅመስም ይቻላል፤ ደመወዙ ሳይነካ ችሎታው ይፈተናል።

እንዲህ ያለው ስሌት የማይደርስበት ጊዜ ግን አለ። ወይዘሮ አበበች ጎበና በአዲስ አበባ በአንድ የቡናና የእህል ድርጅት ጥራት ተቆጣጣሪ ነበሩ። በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ወሎ ሲወርዱ አገሩን ረሃብ ይዞት አገኙት፤ ከሞተች እናቷ አጠገብ የተቀመጠች ሕፃን አዩ። እሷንና አንድ ሌላ ወላጅ አልባ ሕፃን ይዘው ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ሆኑ። ቤተሰቡ ከልጆቹና ከቤቱ አንዱን ምረጪ አላቸው፤ እሳቸውም ቤታቸውን ለቀው ከልጆቹ ጋር ወጡ። የወር ወጪ አልቆጠሩም፤ የሚቆጥሩበትም ጊዜ አልነበራቸውም። ቤተ ዘመዱ የፈራው ነገር፣ ማለት የኑሮው መናጋትና የትዳሩ መፍረስ፣ በእርግጥ ደርሷል፤ ፍርሃቱ ከንቱ ነበር ብለን ልንጽፍ አንችልም። ወይዘሮ አበበች በ2021 በኮቪድ በሽታ ዐረፉ። ከሁለቱ ሕፃናት የተጀመረው የሕፃናት ማሳደጊያና የልማት ድርጅት የሚጠራው በሳቸው ስም ነው።