የመጀመሪያዋ ልኬት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ለእርግዝና ክትትል የገባች ሴት ካርድ ካወጣች በኋላ ቀድማ የምትጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «የመጨረሻውን የወር አበባ ያየሽው መቼ ነው?» በየ28 ቀኑ ለምታይ ሴት መልሱ ቀላል ነው። ካየችበት የመጀመሪያ ቀን አንስቶ 280 ቀን ይቆጠርና የመውለጃዋ ቀን ይጻፋል።

የአገራችን አዋላጆች ይህን ስሌት በራሳችን ዘመን አቆጣጠር አሳምረው ይሠሩታል። 9 ወር ከ10 ቀን ይደምራሉ። ቆጠራው ጳጉሜን ከተሻገረ 9 ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ 9 ወር ከ4 ቀን ይሆናል። በጀርመናዊው ሐኪም በፍራንዝ ኔግሌ ስም የሚጠራው የፈረንጆች ቀመር እንኳ ወሮቹ አንዴ 30 አንዴ 31 ስለሚሆኑበት ይህን ያህል አይጠራም።

የወር አበባዋ ለተዛባባት ሴት ግን ይህ ሁሉ ስሌት መነሻው ይናጋል። እንቁላል የሚወጣው ቀጣዩ የወር አበባ ሊመጣ 14 ቀን ገደማ ሲቀረው ነው። በየ45 ቀኑ የምታይ ሴት የምትፀንሰው በ14ኛው ቀን ሳይሆን በ31ኛው ቀን አካባቢ ነው። ካርዱ ላይ ግን ፅንሱ 17 ቀን አርጅቶ ይመዘገባል። በመጨረሻ «ቀንሽ አልፏል» ተብላ ያለጊዜው ምጥ የማስጀመሪያ መድኃኒት ልትወስድ ትችላለች።

እንዲህ ያሉት ሴቶች ጥቂት አይደሉም። በኢትዮጵያ በብዛት የሚወሰደው የእርግዝና መከላከያ የሦስት ወሩ መርፌ ነው፤ እሱን ካቆሙ በኋላ የወር አበባ ለወራት ሊጠፋ ወይም ያለ ወጉ ሊመጣ ይችላል። የምታጠባ እናትም ከወሊድ በኋላ የወር አበባ ሳታይ ልትፀንስ ትችላለች፤ እንቁላሉ ከደሙ ይቀድማልና። እነዚህ ሴቶች «ቀኑን አላውቀውም» ሲሉ ፊት የሚያጠቁርባቸው ባለሙያ ሥራውን ይበድላል። ሴቲቱ የነገረችው እውነቱን ነው።

ጎበዝ አዋላጅ ጥያቄውን ትለውጠዋለች፤ ለዚህ ደግሞ እስላምና ክርስቲያኑ አብሮ የሚኖርበት ወሎ የተመቸ ነው። ሙስሊሟን «እታለም፣ በረመዳን ጾሙን ያቋረጥሽው በስንተኛው ቀን ነበር?» ብትላት መልስ አታጣም፤ በወር አበባ ምክንያት ያልጾመቻቸውን ቀኖች ቆጥራ ይዛ ኋላ ትከፍላቸዋለችና። ክርስቲያኗን «ለየካቲቷ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ገባሽ ወይስ ደጅ ቆመሽ አስቀደስሽ?» ብላ ብትጠይቃት፣ በወር አበባዋ ምክንያት ደጅ የቆመችበትን በዓል ታስታውሰዋለች። ይህ ካርድ ላይ ቦታ ያልተሰጠው፣ ግን ብዙ የሚያግዝ ዕውቀት ነው።

ይህም ቢሆን ደም የታየበትን ቀን እንጂ የተፀነሰበትን አይነግርም። ወደዚያ የሚያቀርበው በ7ኛውና በ13ኛው ሳምንት መካከል በአልትራሳውንድ የሚወሰደው ልኬት ነው፤ ፅንሱ ከአናቱ እስከ መቀመጫው ይለካል። ዘዴውን ሂዩ ሮቢንሰን በስኮትላንዷ ግላስጎው እ.ኤ.አ. በ1973 ይፋ አደረገው። በ10ኛው ሳምንት ርዝመቱ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ዕድሜ ፅንሶች ሁሉ በተቀራራቢ ፍጥነት ስለሚያድጉ ስሕተቱ ከ5 እስከ 7 ቀን አይበልጥም። ከ28ኛው ሳምንት ወዲህ ግን አንዱ ይገዝፋል፣ ሌላው ይቀጭጫል፤ ስሕተቱም 3 ሳምንት ይደርሳል።

«ሆዴ ሲገፋ በደንብ ይታያል» ብሎ መቆየት የሚጎዳው ለዚህ ነው። ቀድሞ የተለካውን ትቶ በ8ኛው ወር አልትራሳውንድ አዲስ የመውለጃ ቀን መጻፍም ያው ስሕተት ነው። ቀኑ አንዴ በመጀመሪያዋ ልኬት ከተወሰነ አይለወጥም፤ የኋለኛው ልኬት የሚያገለግለው የልጁን እድገት ለማየት ነው። ማሽን በሌለበት እጅና ሜትር ይረዳሉ፤ ማህፀን እምብርት ጋ የሚደርሰው በ20ኛው ሳምንት ነው። በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት የደሴ ሆስፒታል ሲዘረፍ የመሣሪያ እጦት ምን እንደሚመስል አካባቢው አይቶታል።

ከሁሉ የከፋው አለመግባባት ግን ወረቀቱ ቤት ሲገባ የሚፈጠረው ነው። ከደቡብ ወሎ ወደ ሳዑዲ የሚሄደው ብዙ ነው። አንድ ባል ነሐሴ 17 ቀን ተመለሰ እንበል። ሚስቱ ጥቅምት 10 ቀን ስትለካ ወረቀቱ «10 ሳምንት» ይላል። እሱ ከመጣ ገና 8 ሳምንት አለፈው፤ ጠቡ ይጀመራል። ጠብ የሚያስነሳ ነገር ግን የለም። የእርግዝና ዕድሜ በዓለም ሁሉ የሚቆጠረው ከተፀነሰበት ቀን 2 ሳምንት ቀድሞ ነው። ከ70ው ቀን 14ቱ ሲቀነስ 56 ይቀራል፤ ከጥቅምት 10 ወደ ኋላ፣ ባለ 5 ቀኗን ጳጉሜ ጨምሮ ሲቆጠር፣ ነሐሴ 19 ላይ ያርፋል። ይህም ቢሆን ግምት ነው፤ ልኬቱ ራሱ በቀናት ሊዛነፍ ይችላል። የወንድ ዘር በሴቷ ማህፀን እስከ 5 ቀን ስለሚቆይም ግንኙነቱና ፅንሱ በአንድ ቀን ላይሆኑ ይችላሉ። በሁለት ሦስት ቀን ልዩነት አባትን መለየት የሚችል አልትራሳውንድ የለም። ወረቀቱን የሚሰጥ ባለሙያ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያስረዳ ስንት ትዳር በዳነ!

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አልትራሳውንድ ከ24ኛው ሳምንት በፊት እንዲደረግ ይመክራል። የወር አበባዋ የተዛባባት ሴት ግን እስከዚያ አትቆይ፤ ማርገዟን በጠረጠረች ጊዜ፣ 3 ወር ሳይሞላት ትሂድ፣ የመጀመሪያውንም ወረቀት እስክትወልድ ድረስ በየቀጠሮው ይዛ ትቅረብ።