የድኻ ልጅና የሕክምና ትምህርት፤ በሐዋሳ ለሚማሩ ተማሪዎች ስለሚያስፈልገው የገንዘብ ድጋፍ

በአገራችን ስለ ሕክምና ትምህርት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ስንት ሐኪም ተመረቀ የሚለው ነው። ከየትኛው ቤት የወጣ ልጅ ሐኪም ሆነ፣ እዚያ እስኪደርስስ ማን ረዳው የሚለው ግን እምብዛም አይጠየቅም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። ሐሳባችንን ከወዲሁ በአጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ ሕጋችን ለድኻው ልጅ የዩኒቨርሲቲውን በር ከፍቶለታል፤ የትምህርቱንም ወጪ እስኪመረቅ ድረስ ያበድረዋል፤ በበሩና በምረቃው መካከል ያለውን ረጅም የኑሮ ዘመን ግን ለወላጆቹ ኪስ ትቶታል። ርዳታ የሚጎድለው በዚህ መካከለኛ ስፍራ ነው እንላለን።

1. ስለ ሐዋሳና ስለ ተማሪዎቿ

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐይቁ ዳር የምትገኝ፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮም የሲዳማ ክልል መናገሻ የሆነች ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ፣ የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና የዲላ የመምህራንና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ በተባሉ ጊዜ ተመሠረተ፤ በ1998 ዓ.ም. የዛሬውን ስሙን አገኘ። ሰው ሁሉ በአጭሩ «ሪፈራል» እያለ የሚጠራው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልም ሥራውን የጀመረው በዚያው በ1998 ዓ.ም. ነው።

ወደዚህ ሆስፒታል የሚመጣው ሕመምተኛ ከሲዳማ ብቻ አይደለም። ከጌዴኦ፣ ከወላይታ፣ ከጉጂ፣ ከምዕራብ አርሲና ከሌላም ስፍራ ይመጣል። በአንድ የሕሙማን ክፍል ውስጥ አራትና አምስት ቋንቋ ይሰማል። ሐኪሙ የሕመምተኛውን ቋንቋ የማያውቅ እንደ ሆነ አስታማሚው ያስተረጉማል፤ አስታማሚው አማርኛ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ከጎን አልጋ ያለ ሰው ይፈለጋል። ሆዷን የታመመች እናት ስለ ወር አበባዋ ስትጠየቅ በማታውቀው ሰው አፍ መልስ ትሰጣለች ማለት ነው። እንግዲህ የሕክምና ተማሪው ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ የሕመምተኛውም ጉዳይ እንጂ የተማሪው ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በሕክምና ትምህርት ቤት ቁጥራቸው ከሚገባው ያነሰ የምንላቸው በተለይ አራት ወገኖች ናቸው፤ እነርሱም የገጠር ገበሬ ልጆች፣ የአርብቶ አደር ልጆች፣ ታዳጊ ከሚባሉት ከአፋር፣ ከሶማሌ፣ ከጋምቤላና ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልሎች የሚመጡ ልጆችና በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ደግሞ ሴቶች ናቸው።

2. ስለ መግቢያው በር

በሩ ለእነዚህ ወገኖች ዝግ አይደለም። የመግቢያው ነጥብ ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች ልጆች ዝቅ ተደርጎ ሲወሰን ቆይቷል። ተማሪ ወደየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚሄድ የሚመደበውም ከአገር አቀፍ ቋት ነው። ስለዚህ የበንሳ ልጅ ጎንደር፣ የአሳይታ ልጅ ሐዋሳ ሊማር ይችላል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ተማሪው አስቀድሞ የጋራ ትምህርት ይማራል፤ ሕክምና የሚደርሰውም በዚያ ባገኘው ውጤት ነው።

ነገር ግን በሩ ጠባብ ነው። የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና አሰጣጥ ከተለወጠ በኋላ ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ በብዙ መቶ ተቈጥረዋል። ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራ ከሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ወጥቶ ሕክምና የሚገባ ልጅ እንግዲህ በወንፊት ላይ ወንፊት አልፎ የመጣ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ከገባ በኋላ በገንዘብ እጦት ማጣት ለአገር ምን ያህል ኪሳራ እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

3. ስለ ብድሩ

በአገራችን የወጪ መጋራት የተጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አስቀድሞ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚማረው፣ የሚበላውና የሚያድረው ያለ ክፍያ ነበር። በአዲሱ ሥርዓት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ የትምህርቱን ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይጋራል። ይሁን እንጂ በእጁ ገንዘብ እንዲያመጣ አይገደድም። ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ዕዳው ይከፈላል። ለመምህርነት የሠለጠኑት ዕዳቸውን በአገልግሎት እንዲከፍሉ ተፈቅዷል። ይህ ዐይነት አሠራር አውስትራሊያ በ1989 እ.ኤ.አ. ከጀመረችው ጋር ይመሳሰላል።

የሥርዓቱን መልካም ጎን መካድ አይገባም፤ ማንም ተማሪ የትምህርት ክፍያ ስለሌለው ብቻ ከበር አይመለስምና። ግን ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ብድሩ ሀብታሙንና ድኻውን በአንድ ዐይን ያያል። የነጋዴውም ልጅ የእረኛውም ልጅ የሚፈርሙት ያንኑ ውል ነው። ሁለተኛ፣ ሕክምና ከስድስት ዓመት የማያንስ ትምህርት ስለ ሆነ ዕዳው ከሌላው ሁሉ ይረዝማል።

ይህን በቁጥር እንመልከተው። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ለብዙ ዓመታት የሚመደበው 15 ብር ነበር፤ በኋላ 22 ብር ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ አለ። ምግቡ ስለሚሻሻል ጭማሪው የሚያስደስት ነው። ሆኖም ሕጉ እንደ ተጻፈ ምግቡ በሙሉ በተማሪው ስም ቢመዘገብ፣ በቀን 22 ብር ሲሆን የአሥር ወር ዕዳ 6,600 ብር የነበረው በ100 ብር ሒሳብ 30,000 ብር ይሆናል። ለአራት ዓመት ተማሪ 120,000 ብር፣ ለስድስት ዓመት የሕክምና ተማሪ 180,000 ብር ይደርሳል፤ ይህም መኝታውና የትምህርቱ ድርሻ ሳይታከል ነው። የደመወዝ ልክ ለመናገር ሳይሆን ለምሳሌ ያህል፣ በወር 10,000 ብር የሚያገኝ ሐኪም 1,000 ብር ቢቆረጥበት ይህን የምግብ ዕዳ ብቻ ከፍሎ የሚጨርሰው በ180 ወር፣ ማለት በ15 ዓመት ነው።

4. ሕጉ የማይቈጥረው ወጪ

ከሁሉ የሚከብደው ግን ዕዳው አይደለም፤ ዕዳ ነገ የሚከፈል ነውና። የሚከብደው ዛሬ በእጅ መኖር ያለበት ጥቂት ገንዘብ ነው። ተማሪው መጽሐፍና ሃንድአውት ማባዛት አለበት። ነጭ ጋውንና የልብ ማዳመጫ መግዛት አለበት። ትምህርቱ አብዛኛው በስልክና በላፕቶፕ ስለሚነበብ ዳታ ይፈልጋል። ወደ ሕሙማን ክፍል ሲወርድ በሽተኛ ፊት የሚቆመው በንጹሕ ልብስና በተጠረገ ጫማ ነው፤ ሳሙናም ዋጋ አለው። ሴት ተማሪ ደግሞ በየወሩ የንጽሕና መጠበቂያ ያስፈልጋታል። ከደቡብ ኦሞ ወይም ከአፋር የመጣ ልጅ በዕረፍት ጊዜ አገሩ ለመግባት የሚከፍለው የአውቶቡስ ዋጋ፣ በሐዋሳ ወላጆች ያሉት ጓደኛው ለባጃጅ ከሚከፍለው ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ክረምቱን ሳይሄድ የሚቀር አለ።

ሌላው ተማሪ ሲቸግረው ማታ ማታ ልጅ አስጠንቶ፣ ጽሑፍ ተይቦ ጥቂት ብር ያገኛል። የሕክምና ተማሪ በክሊኒክ ዓመታቱ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ቀን ከሐኪሞች ጋር ሕሙማንን ሲጎበኝ ይውላል፣ ሌሊት ተረኛ ይሆናል፣ በማግስቱ ይፈተናል። የኢንተርንነቱ ዓመት ሲደርስ ጥቂት የኪስ ገንዘብ ያገኛል፤ ችግሩ ግን ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ነው።

በዚህ ላይ ማንም በወረቀት የማይጽፈው ወጪ አለ፤ እርሱም የቤተ ሰብ መጠበቅ ነው። አብሮት 12ኛ ክፍልን የጨረሰው የጎረቤት ልጅ በአራት ዓመት ተመርቆ ለእናቱ ቆርቆሮ ሲያለብስ፣ የሕክምና ተማሪው ገና ከቤት ገንዘብ ይጠይቃል። አባቱ በሬውን የሸጠ እንደ ሆነ ታናናሾቹ ከትምህርት ይቀራሉ። ስለዚህ ሕክምና ለመግባት ነጥብ እያለው «አጭሩን ልማር» ብሎ ሌላ የሚመርጥ ልጅ ቢኖር ስንፍና አይደለም፤ ሒሳብ ነው።

5. ቀድሞ ሐኪም የሆነው በማን ገንዘብ ነበር

ብቻውን የተማረ ሐኪም ቀድሞም አልነበረም። በዘመናዊ ትምህርት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ወደ ህንድ የተወሰዱ ሕፃን ነበሩ፤ ያስተማሯቸውም እነዚያው መኮንኖች ናቸው። ዶክተር መላኩ በያን በአሜሪካ አገር በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት በንጉሠ ነገሥቱ ድጋፍ ነው። ከ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት በኋላ ደግሞ አባቶቻቸው በጦር ሜዳ የወደቁባቸው ልጆች በሺህ እየተቈጠሩ ወደ ኩባ ተልከው ነበር። ምግባቸው፣ ልብሳቸውና ትምህርታቸው ተችሎ ካደጉት መካከል ሐኪም ሆነው የተመለሱ አሉ። በእነዚህ ሁሉ የምናየው ረጂው ክፍያውን ብቻ ሳይሆን ኑሮውንም እንደ ቻለ ነው።

6. የሌሎች አገሮች ልምድ

የጃፓን ክፍለ አገሮች በኅብረት በ1972 እ.ኤ.አ. ጂቺ የሚባል የሕክምና ዩኒቨርሲቲ አቋቋሙ። ከእያንዳንዱ ክፍለ አገር ሁለት ወይም ሦስት ተማሪ በየዓመቱ ይመረጣል፤ ወጪው ይቻልለታል፤ በምትኩ ሲመረቅ በመጣበት ክፍለ አገር ዘጠኝ ዓመት ያገለግላል፤ ከዚህም ጊዜ ብዙውን የሚያሳልፈው ሐኪም በጠፋበት ገጠር ነው።

በደቡብ አፍሪካ ደግሞ በክዋዙሉ ናታል ሰሜናዊ ክፍል የሚገኘው የሞስቮልድ ገጠር ሆስፒታል ሐኪም አጥቶ ሲቸገር፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከሌላ አገር ሐኪም መለመኑን ትቶ የመንደሩን ልጆች እየመረጠ ማስተማር ጀመረ። ተማሪው ገንዘብ ብቻ አይሰጠውም፤ የሚከታተለውና የሚያማክረው ሰው ይመደብለታል፤ በዕረፍቱም እዚያው ሆስፒታል መጥቶ ይሠራል። ለተረዳበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ዓመት ያገለግላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ገጠር ያደጉ ልጆችን ወደ ጤና ትምህርት ማስገባትንና ለአገልግሎት ውል የሚሰጥ የትምህርት ርዳታን ለገጠር ሐኪም ማግኛ ከሚበጁ መንገዶች ቈጥሯቸዋል።

7. ለሐዋሳ ምን ይበጃል

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው የሚከተለውን እናስባለን። መጀመሪያ፣ የሚያስፈልገው ርዳታ ትልቅ ሳይሆን የማይቋረጥ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ፎቶግራፍ ከሚነሣበት ብዙ ብር ይልቅ በየወሩ የሚደርስ ትንሽ ብር ተማሪውን ያቆመዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ከዚህ ተመርቀው በሥራ ላይ ያሉ ሐኪሞች አምስት ስድስት ሆነው አንድ ተማሪ ቢይዙ አይከብዳቸውም። በየሰፈራችን ዕድርና ዕቁብ ያለ ጽሕፈት ቤት ስንት ዘመን እንደ ቆሙ እናውቃለን።

ሁለተኛ፣ «ሁላችንም ድኻ ነን፤ ማን ከማን ተለይቶ ይረዳል?» የሚል ተቃውሞ እንዳለ እንሰማለን። እውነት አለው። የቀበሌ የድኽነት ወረቀት ብቻውን አያስተማምንም፤ ወረቀት ለማግኘት ዘመድ ያለው ይቀድማልና። ነገር ግን የተማረበት ትምህርት ቤት የት ነው፣ ከሐዋሳ ምን ያህል ይርቃል፣ ከቤተ ሰቡ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሌላ ሰው አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ለመዋሸት አይመችም።

ሦስተኛ፣ ርዳታው የተረጂውን ስም ማውጣት የለበትም። የገጠር ልጅ በአነጋገሩ ሲሳቅበት የቆየ ነው፤ «የተረጂዎች ዝርዝር» በማስታወቂያ ሰሌዳ ቢለጠፍ ተርቦ መዋልን ይመርጣል።

አራተኛው የአገልግሎት ውል ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የሐኪሞች የምስክር ወረቀት ግዴታቸውን እስኪፈጽሙ ይያዝ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች አደባባይ ወጥተው ካሰሙት ቅሬታ አንዱም የዚህ ግዴታ ነገር ነበር። በጃፓንና በደቡብ አፍሪካ ውሉ የቆመው ልጁ አስቀድሞ አውቆና ፈቅዶ በፈረመው፣ በእውነትም በተረዳበት ነገር ላይ ነው። ሳይረዱት ማስገደድና ረድቶ ማስፈረም አንድ አይደሉም። ስለዚህ የሚረዳ ተማሪ ከአገሩ ሆስፒታል ጋር ይዋዋል፤ በክረምት እዚያ ይሥራ፤ የአገልግሎቱ ጊዜም በወጪ መጋራቱ ዕዳ ላይ እንደ መምህራኑ ይታሰብለት ዘንድ ሕጉ ቢሻሻል መልካም ነው።

ይህን ሁሉ መንግሥት ብቻውን ያድርገው አንልም። የክረምቱን የሆስፒታል ሥራ ክልሎች፣ የወሩን ጥቂት ብር የቀድሞ ተመራቂዎች፣ ምርጫውንና ምክሩን መምህራኖቻችን ቢይዙት ሸክሙ ይከፋፈላል። እኛ ተማሪዎችም የሚመጣውን ዓመት ሳንጠብቅ የምናደርገው አለ፤ አንብበን የጨረስነውን መጽሐፍና የማንለብሰውን ጋውን ለሚከተለን እናስተላልፍ፤ ክረምቱን አገሩ ለመግባት ያልቻለ ጓደኛ በየክፍላችን እንዳለም ዛሬውኑ እንጠይቅ።