የሞገድ ጎረቤቶች

ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. በለንደን ሒትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ ከነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 የኋለኛ ክፍል ጣሪያ ላይ ጭስ ሲወጣ ታየ። “ንግሥተ ሳባ” የተባለው ይህ ድሪምላይነር ውስጡ ማንም አልነበረም። ሞተሩም ኤሌክትሪኩም ጠፍቷል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲረባረቡ የሒትሮው ማኮብኮቢያዎች ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተዘጉ። ያኔ ብዙ ሰው ወዲያው የጠረጠረው ከጥቂት ወራት በፊት በዓለም ያሉትን 787ዎች በሙሉ ከበረራ ያገደውን ትልቁን የሊቲየም አዮን ባትሪ ነበር።

የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች ያገኙት ግን ሌላ ነው። እሳቱ የተነሣው አውሮፕላን ሲከሰከስ በራሱ ነቅቶ በ406 ሜጋኸርዝ ሞገድ ወደ ሳተላይት የድረሱልኝ ጥሪ ከሚልክ አንድ ትንሽ የሬዲዮ ሣጥን ውስጥ ነበር። ይህ መሣሪያ የራሱ ባትሪ አለው፤ አደጋ ካልደረሰ ዕድሜውን ሙሉ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የባትሪው ሽቦዎች ክዳኑ ሲገጠም ተደራርበው ከሥሩ ተቆንጥጠው ቀርተዋል። በዚያ ምክንያት ተፈጥሯል በተባለው ሾርት አንዱ የባትሪ ሴል ጋለ፤ ቀጥሎ ያለውን አጋለ፤ ሙቀቱም የአውሮፕላኑ አካል ወደተሠራበት የካርቦን ቁስ ተሻገረ። በዚያው ንድፍ የተሠሩ ወደ 6,000 የሚጠጉ ሣጥኖች በልዩ ልዩ አውሮፕላኖች ላይ ተገጥመው ነበር፤ ከዚያ በፊት አንዱም እንዲህ አልሆነም።

ሣጥኑ የደኅንነት ማረጋገጫ ወረቀት ነበረው። በ2015 የወጣው የምርመራ ሪፖርት (ይህና ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የባትሪው መከላከያዎች አንድ ሴል ሲበላሽ እሳቱ ወደ ሌሎቹ እንዳይዛመት እንዳላደረጉ፣ ፈተናዎቹም ይህን ሁኔታ በበቂ እንዳልመረመሩ አሳየ። ባትሪው ቢነድድ አጠገቡ ያለው የአውሮፕላን አካል ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ በሚገባው ጥልቀት አልተጠየቀም።

የአውሮፕላን ገመድ አልባ መሣሪያዎች የደኅንነት ማረጋገጫ ታሪክ በአብዛኛው የጎረቤት ታሪክ ነው። መሣሪያው ለብቻው ይሠራል ወይ የሚለው ቀላሉ ጥያቄ ነው። ከባዱ፣ አጠገቡ ያለውን ይረብሻል ወይ፣ አጠገቡ ያለው ሲጮኽበትስ ይችላል ወይ የሚለው ነው። ደግሞም ጎረቤት ይለወጣል፤ ወረቀቱ ግን የተጻፈው ለትናንቱ ሠፈር ነው።

መለኪያው ጥብቅ ነው። ትልቅ የመንገደኛ አውሮፕላንን ሊጥል የሚችል ብልሽት በአንድ ቢሊዮን የበረራ ሰዓት ከአንድ ጊዜ በላይ ይከሰታል ተብሎ ሊገመት አይገባም። ቢሊዮን ሰዓት ማለት ከ114,000 ዓመት በላይ ነው። የብልሽቱ መዘዝ ሲቀልል መለኪያውም ይላላል፤ የመንገደኛው ፊልም ቢቋረጥ የሚከፋው መንገደኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ማረጋገጫውን የሚሰጠው ባለሙያ ካቢን ውስጥ የሚተከል የዋይፋይ ሣጥን ሲቀርብለት ስለ ኢንተርኔቱ ፍጥነት አይጨነቅም። የሚጨነቀው የሣጥኑ ሞገድ የት የት ይደርሳል በሚለው ነው። ሞገድ ወደ አውሮፕላኑ መሣሪያዎች የሚገባበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ከካቢኑ በመስኮት ወጥቶ በአውሮፕላኑ አንቴናዎች በኩል ይገባል። ሁለተኛው ከግድግዳው ጀርባ የተዘረጉትን ሽቦዎች አንቴና አድርጎ በቀጥታ ይገባል።

የመጀመሪያው መንገድ አደገኛነት የታወቀው ገና በ1960ዎቹ፣ መንገደኞች ትንንሽ የኤፍ.ኤም. ሬዲዮ ይዘው መሳፈር ሲጀምሩ ነው። ሬዲዮ ተቀባይ ብቻ ስለሆነ ምንም የማይልክ ይመስላል። ነገር ግን ጣቢያ ለመያዝ በውስጡ የራሱን ሞገድ ያመነጫል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከተፈለገው ጣቢያ በ10.7 ሜጋኸርዝ ከፍ ያለ ነው። መንገደኛው 100 ላይ ያለ ሙዚቃ ሲያዳምጥ ሬዲዮው በ110.7 ሜጋኸርዝ በቀስታ ያንሾካሹካል ማለት ነው። አብራሪዎች መንገድ የሚጠይቁባቸው የመሬት ጣቢያዎችና አውሮፕላኑን ወደ ማኮብኮቢያው የሚመሩት ምልክቶች ደግሞ ከ108 እስከ 118 ሜጋኸርዝ ውስጥ ናቸው። የመንገደኞችን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚገድበው የአሜሪካ ሕግ መነሻው ይህ የሙዚቃ ሬዲዮ ነው፤ ሞባይል ስልክ ገና አልነበረም።

ዛሬ ይህን የሚለኩት መሐንዲሶች አንድ ችግር አለባቸው። ካቢን ውስጥ ሞገድ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይነጥራል፤ የሰው ገላም ይውጠዋል። ስለዚህ ባዶ አውሮፕላን ላይ የተለካ ውጤት ለሞላ አውሮፕላን አይሆንም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ለቀናት ወንበር ላይ ሳይነቃነቁ ማስቀመጥ ደግሞ አይቻልም። የቦይንግ መሐንዲሶች በ2012 ይፋ ያደረጉት መፍትሔ ድንች ነው። ከአገልግሎት በወጣ አውሮፕላን ወንበሮች ላይ 9 ቶን ያህል ድንች በጆንያ አስቀመጡ፤ ድንች በያዘው ውኃና በኬሚካላዊ ባሕርዩ ከሬዲዮ ሞገድ ጋር ሲገናኝ የሰው ገላን ይመስላልና። ቀደም ሲል ሁለት ሳምንት ይፈጅ የነበረው ልኬት ወደ አሥር ሰዓት ወረደ። ድንቹ አይሰለቸው፣ ሽንት ቤት አይሄድ!

ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ የሚያስገርም ውጤት አምጥቷል። በ2011 ገደማ በቦይንግ 737 ላይ ዋይፋይ ለመትከል ሲፈተን ሃኒዌል የሠራቸው የአብራሪዎች ማሳያ ስክሪኖች በዋይፋይ ሞገድ ጠፍተው መመለስ ጀመሩ። እነዚህ ስክሪኖች ፍጥነትን፣ ከፍታንና የአውሮፕላኑን አቀማመጥ ለአብራሪው የሚያሳዩ ናቸው። ይህ የሆነው ሊችሉት ይገባል ተብሎ ከተወሰነው ባነሰ የሞገድ ኃይል ነው። በበረራ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ አያውቅም፤ አምራቹም አየር መንገዶችም ይህንኑ ተናግረው ተከራክረዋል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ግን አልተቀበላቸውም። በ2014 ባወጣው ትእዛዝ በአሜሪካ የተመዘገቡ 1,300 ያህል 737 እና 777 አውሮፕላኖች በአምስት ዓመት ውስጥ ስክሪኖቹን እንዲቀይሩ አዘዘ። ወጪው ወደ 14 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ።

አንዳንዱ ይህን የተጋነነ ጥንቃቄ ይለዋል። ስክሪኑ ሊጠፋ የሚችለው ግን በማረፊያ ሰዓት፣ በጭጋግ ውስጥ፣ ለማሰብ ጊዜ በሌለበት ሊሆን ይችላል። አንድም ሰው ሳይጎዳ፣ በፈተና ጠረጴዛ ላይ ብቻ የታየ ጉድለት እንዲህ ከተስተካከለ አሠራሩ ሥራውን ሠርቷል።

አቪዬሽን አስተዳደሩ በዚሁ ዘመን ሌላውን በር ከፍቷል። በኦክቶበር 2013 አየር መንገዶች አውሮፕላናቸው የመንገደኛን ዕቃ ሞገድ እንደሚችል ካረጋገጡ ታብሌትና መሰል መሣሪያዎች ከመነሻ እስከ ማረፊያ ክፍት ሆነው እንዲቆዩ ሊፈቅዱ እንደሚችሉ አስታወቀ። በአሜሪካ ሰማይ ሞባይል መደወል የተከለከለው ግን በዋናነት አውሮፕላኑን በመፍራት አይደለም። የአገሪቱ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1991 ያወጣው ክልከላ የሚጠብቀው የመሬቱን ኔትወርክ ነው፤ ከሰማይ ያለ ስልክ ብዙ የመሬት አንቴናዎችን በአንድ ጊዜ ስለሚያገኝ ያምሳቸዋል። ኤምሬትስ በማርች 2008 ከዱባይ ወደ ካዛብላንካ በሚበር አውሮፕላን ላይ በሞባይል ማስደወል የጀመረው አነስተኛ የስልክ ጣቢያ ካቢን ውስጥ ተክሎ ነው። እዚህ ላይ ያለው ፊዚክስ ያስደስታል፤ አውሮፕላን ውስጥ ማስተላለፊያ ሲጨመር ጠቅላላው የስልኮች ጩኸት ይቀንሳል። ስልክ ጣቢያው ሲርቅበት ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍ ያደርጋል፤ ጣቢያው ወንበሩ አጠገብ ሲሆን ያንሾካሹካል።

የጎረቤት ነገር በግልጽ አደባባይ የወጣው ግን በጃንዋሪ 2022 ነው። ያኔ ኤምሬትስ፣ ኤር ኢንዲያና ሁለቱ ትልልቅ የጃፓን አየር መንገዶች ወደ አሜሪካ የሚያደርጓቸውን አንዳንድ በረራዎች በድንገት ሰረዙ። ምክንያቱ የአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎቹ ኤ.ቲ.ኤንድ.ቲ. እና ቬራይዘን አዲሱን የ5ጂ አገልግሎት ሊያበሩ መሆኑ ነበር።

ነገሩን ለመረዳት የሬዲዮ ከፍታ መለኪያን ማወቅ ያሻል። ተራው ከፍታ መለኪያ የአየር ግፊትን አንብቦ ከባሕር ጠለል በላይ ያለውን ከፍታ ይገምታል። የሬዲዮው ግን በ4.2 እና በ4.4 ጊጋኸርዝ መካከል ሞገድ ወደ መሬት ይልክና ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይለካል። የሚያገለግለው ከ2,500 ጫማ፣ ማለትም ከ760 ሜትር ገደማ በታች ሲሆን፣ በጭጋግ ውስጥ በራስ ሰር ለማረፍ፣ የመሬት መቃረብ ማስጠንቀቂያውን ለመጮኽና የሞተሩን ግፊት በትክክለኛው ቅጽበት ለመቀነስ ሌሎች መሣሪያዎች እሱን ያምናሉ። ተመልሶ የሚመጣው ሞገድ እጅግ ደካማ ነው። የራሱን የገደል ማሚቶ የሚያዳምጥ ሰው ነው ማለት ይቻላል፤ ታዲያ አጥር ለአጥር የሰርግ ድንኳን ተተክሎ ድምፅ ማጉያው ቢከፈትበት ምን ይሰማል?

ይህ መሣሪያ ሲሳሳት የሚሆነው ታይቷል። በፌብሩዋሪ 25 ቀን 2009 አምስተርዳም ለማረፍ የተቃረበ የቱርክ አየር መንገድ 737 የግራው የሬዲዮ ከፍታ መለኪያ ገና አየር ላይ ሳለ ከመሬት በታች 8 ጫማ ነን ብሎ አነበበ። የሞተር ግፊቱን የሚቆጣጠረው አውቶማቲክ ሥርዓት አውሮፕላኑ ያረፈ መስሎት ግፊቱን ወደ ዝቅተኛው አወረደው። አብራሪዎቹ ፍጥነቱ መውደቁን ያስተዋሉት ዘግይተው ነው። ከ135 ሰዎች ዘጠኙ ሞቱ። ስሕተቱ የውጭ ሞገድ ያመጣው አልነበረም፤ ነገር ግን አንድ የተሳሳተ ቁጥር የት እንደሚያደርስ ለሁሉም ግልጽ አደረገ።

አሁን ወደ 5ጂው። ከ3.7 እስከ 4.2 ጊጋኸርዝ ያለው ሠፈር ለአሥርት ዓመታት ጸጥ ያለ ነበር፤ ነዋሪዎቹ በትልልቅ ዲሾች የሚያዙ ደካማ የሳተላይት ምልክቶች ናቸው። የአሜሪካ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ከ3.7 እስከ 3.98 ያለውን ለስልክ ኩባንያዎች ለጨረታ አቀረበና በ2021 መጀመሪያ 81 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። ኮሚሽኑ እስከ 4.2 ድረስ የቀረው 220 ሜጋኸርዝ ክፍተት በደንብ ለተሠራ መለኪያ ይበቃል አለ። ያልተናገረው ነገር ቢኖር፣ በብዙ አውሮፕላኖች ላይ ያሉት መለኪያዎች የተፈተኑበት መስፈርት የ1974 መሆኑ ነው። ያ መስፈርት ከጎረቤት ሞገድ የሚመጣ ኃይለኛ ምልክትን እንዲቋቋሙ አላስገደዳቸውም፤ ያኔ ኃይለኛ ጎረቤት አልነበረምና። ኮሚሽኑም አቪዬሽን አስተዳደሩም በየራሳቸው ደንብ ልክ ነበሩ። ጥፋቱ ያለው በመካከላቸው ነው፦ 5ጂው መለኪያዎቹን ሊረብሽ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ በኦክቶበር 2020 በጽሑፍ ወጥቶ ሳለ በቁም ነገር መነጋገር የጀመሩት ሽያጩ ካለቀ በኋላ ነው።

የስልክ ኩባንያዎቹ ሁለት ጊዜ ቀን አራዝመው በጃንዋሪ 19 አገልግሎቱን ሲያበሩ በአውሮፕላን ማረፊያዎች አቅራቢያ ያሉ ምሰሶዎችን ለጊዜው ሳያበሩ ተዉ። አቪዬሽን አስተዳደሩ ለ787 ለብቻው ትእዛዝ አወጣ፤ መለኪያው ቢታወክ ሞተሩና ፍሬኑ ወደ ማረፊያ አሠራር ላይቀየሩ፣ አውሮፕላኑም ማኮብኮቢያው ላይ በጊዜ ላይቆም ይችላል የሚል ነበር። የተሰረዙት በረራዎች በቀናት ውስጥ ተመለሱ። ዘላቂው መፍትሔ ግን ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ፈጀ፦ በመለኪያውና በአንቴናው መካከል የጎረቤትን ሞገድ የሚያግድ ማጣሪያ መግጠም፣ ወይም መለኪያውን በአዲስ መቀየር።

ይህ ሁሉ ሆኖ ኢንዱስትሪው ወደ ገመድ አልባነት መሄዱን አላቆመም፤ ምክንያትም አለው። በኤርባስ ኤ380 ውስጥ ያለው ሽቦ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሽቦ ይከብዳል፤ ይላጣል፤ ያቃጥላልም። በ1998 በካናዳ ባሕር ዳርቻ 229 ሰዎች ያለቁበት የስዊስኤር 111 እሳት የተነሣው ከኮክፒቱ ጣሪያ በላይ ባለ የሽቦ ብልጭታ ሳይሆን እንዳልቀረ መርማሪዎች ደምድመዋል፤ ከተጠረጠሩት ሽቦዎች መካከል የመንገደኞች መዝናኛ ሥርዓት ሽቦ ይገኝበታል። ስለዚህ የጎማ ግፊትን፣ የሞተር ሙቀትን፣ የበር መዘጋትን የሚነግሩ ዳሳሾች ያለ ሽቦ ቢያወሩ የሚያጓጓ ነው።

ለእነዚህ ዳሳሾች በ2015 ጄኔቫ ላይ የተሰበሰበው የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ ቦታ ሰጣቸው። የሰጣቸው ቦታ ከ4.2 እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም የሬዲዮ ከፍታ መለኪያው ቤት ውስጥ ነው። ዳሳሾቹ በዚያ ሲኖሩ ነባሩን እንዳይረብሹ የማረጋገጡ ሸክም በእነሱ ላይ ተጥሏል። ከውጭ በኩል ያለው አጥርም እየቀረበ ነው፦ በ2025 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ከ3.98 እስከ 4.2 ጊጋኸርዝ ካለው ክፍተት ቢያንስ 100 ሜጋኸርዝ ለጨረታ እንዲቀርብ ያዝዛል። ለዚህ የሚስማማ የሬዲዮ ከፍታ መለኪያ ሌላ መስፈርት፣ ሌላ ፈተናና ሌላ የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ሥራው ከጨረታው በፊት መጀመር አለበት።