«እማዬ፣ አጥፊው»

የምግብ አሠራር ቪዲዮ በዩቲዩብ መልቀቅ ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ብዙ ሰው ሥራው ስልክ አቁሞ ሽሮ ማንተክተክ ብቻ ይመስለዋል። የዐሥር ደቂቃ ቪዲዮ ግን ቀረጻው፣ ቆረጣውና ድምፁ ተደምሮ ሙሉ ቀን ይበላል። ቀን መብራት ከጠፋ ሌሊት እነሳለሁ። ከረጅም ቪዲዮ የማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት ያስፈልጋል። እዚያ ለመድረስ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ከሁሉ በላይ የታየልኝ ግን ምግብ አልነበረም። የስምንት ዓመቱ ልጄ ቃሪያ ገምጦ ሲያለቅስ የቀረጽኩት ነው። እኔ ስቄ ለቀቅኩት፤ ሰዉም ሳቀ። ከሳምንት በኋላ ልጄ ትምህርት ቤት አልሄድም አለ። ለካ ጓደኞቹ «ቃሪያው» እያሉ ይጠሩት ኖሯል። «እማዬ፣ አጥፊው» አለኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ወዲያው አላጠፋሁትም። የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ሳምንት ነበር። ሁለት ቀን አመነታሁ። በመጨረሻ እናቴ «ልጅሽ ፊትሽ ያለቀሰው አንቺን አምኖ ነው» አለችኝ። አጠፋሁት። ተመልካቹ ቀነሰ፣ ገቢዬም እንዲሁ። ሌሎች ገልብጠው የለቀቁት ግን ዛሬም አለ።

አሁን ካሜራዬ የሚያየው እጄንና ድስቱን ነው። ልጄ መግባት ሲፈልግ ራሱ ይጠይቀኛል፤ ከመልቀቄ በፊትም አብረን እናየዋለን። ወላጆችም አያቶችም፣ የልጅ ቪዲዮ ከመልቀቃችሁ በፊት ልጁን ጠይቁት። ማጥፋት የምንችለው በእጃችን ያለውን ብቻ ነው።