ገዳዩ ተውሳኩ ብቻ ነውን? ስለ ወባና ስለ ቡና ፍሬ በሽታ አጭር ማብራሪያ

በሽታ በገባበት አገር ሁሉ አንዱ ይሞታል፤ ሌላው ይተርፋል። ለምን? በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የሚሰጠው መልስ «ቀኑ ስለደረሰ ነው» የሚል ነው። የተማረው ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ ጣቱን ወደ ተውሳኩ ብቻ ይቀስራል። ሁለቱም መልሶች ከመንገድ ይቀራሉ። የእፅዋት በሽታ አጥኚዎች እንደሚያስተምሩት፣ በሽታ የሚነሣው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው፤ እነርሱም ተውሳኩ፣ ተውሳኩ የሚያርፍበት አካልና ሁለቱ የሚገናኙበት አካባቢ ናቸው። ይህ ለሰውም ይሠራል፤ በሰው ላይ ግን አራተኛ ነገር ይጨመራል፤ እርሱም የኅብረተሰቡ አደረጃጀት ነው። ይህንን በወባና በቡና ፍሬ በሽታ አማካይነት እንመርምር። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ. አካባቢ

ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ተራራ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛሉ። ወባ ከቆላ ወደ ላይ ይወጣል። ተውሳኩ በትንኟ ሰውነት ውስጥ ሳይበስል ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ለመብሰልም ሙቀት ይሻል። ፋልሲፓረም የተባለው ገዳይ ዓይነት በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 12 ቀን ያህል ሲበቃው፣ በ20 ዲግሪ 4 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ትንኟ ይህን ያህል ጊዜ የመቆየት ዕድሏ አነስተኛ ስለሆነ ደጋው በብርዱ ይጠበቃል። የቡና ፍሬ በሽታ ግን የሚበረታው ቀዝቀዝ ባለውና ዝናብ በሚያዘወትረው ከፍተኛ ቦታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ አረንጓዴውን ፍሬ አጥቁሮ ያረግፈዋል። ዛፉ ቆሞ ይቀራል፤ የገበሬው የዓመት ድካም ግን ከንቱ ይሆናል።

ለ. ተውሳኩ የሚያርፍበት አካል

ወባ ዓመቱን ሙሉ በማይለይበት ቆላ ብዙ የሚሞቱት ሕፃናት ናቸው። ከዚያ የተረፈው ሰው በተደጋጋሚ በመያዙ በከፊልም ቢሆን የመቋቋም ኃይል ያገኛል። ደገኛው ይህ ኃይል የለውም። በ1958 ዝናቡና ሙቀቱ ከተለመደው በላይ በሆነ ጊዜ ወባ ወደ ደጋማው የአገራችን ክፍል ወጣ። በግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፤ 150,000 ያህልም ሞተ። ሕፃኑም ጎልማሳውም አብረው ወደቁ። ከ1984 መጨረሻ ጀምሮ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ አብዛኛው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብና ወደ ምዕራብ ቆላዎች ሲሰፍርም ሕይወቱን ከቀጠፉት ነገሮች አንዱ ወባ ነበር። ችግኝ ሲነቀል ሥሩ የለመደውን አፈር ትቶ እንደሚሄድ፣ ሰውም ከቀዬው ሲነሣ አካሉ ያልለመደው በሽታ ይጠብቀዋል።

ቡናም እንዲሁ ነው። የቡና ፍሬ በሽታ በኬንያ በ1922 ታይቶ በአገራችን የተገኘው በ1971 ነበር። ብዙ ማሳ ተጎዳ። ነገር ግን በዚያው በተጎዳው ማሳና ጫካ መካከል ፍሬያቸውን ሳያረግፉ የቆሙ ዛፎች ነበሩ። የጅማ ምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች እነዚህን ዛፎች ፈልገው፣ ፈትነውና አራብተው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለገበሬው አደሉ። 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች ከኢሉባቦር የተመረጡ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የተመረጡበትን ዓመት ያመለክታሉ። መድኃኒቱ የተገኘው እንግዲህ ከራሱ ከቡናው ነው። የዱር ቡና መገኛ የሆነው ጫካ ልዩ ልዩ ጠባይ ያላቸውን ዛፎች በአንድነት ይዞ ባይቆይ ኖሮ የሚመረጥም አይገኝም ነበር።

ሐ. አንድ ዓይነትነት

የዚህን ተቃራኒ በሴሎን ደሴት፣ በዛሬዪቱ ስሪላንካ፣ እናያለን። በዚያ የተተከለው ቡና ከጥቂት ዘር የተራባ፣ እርስ በርሱም የሚመሳሰል ነበር። በ1869 የቅጠል ዋግ ታየበት፤ በሁለት አሥርተ ዓመታት ገደማ ውስጥ የቡናው እርሻ ፈራርሶ በሻይ ተተካ። ያው ዋግ በእኛም አገር አለ፤ ሆኖም ልዩ ልዩ ዛፍ ተደባልቆ በሚኖርበት ጫካ እንደዚያ ያለ እልቂት አላደረሰም። ፈንገሱ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሻገር የማይቀበለው ዛፍ ከገጠመው ጉዞው ይቋረጣል። በሰውም ዘንድ ክትባት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከ100 ሰው 95 ያህሉ ኩፍኝን የሚቋቋም ከሆነ፣ በሽታው የሚሻገርበት አጥቶ የቀሩትም ይጠበቃሉ። ስለዚህ የተመረጠውን ዝርያ መትከል መልካም ሆኖ ሳለ፣ በአገሩ ሁሉ አንዱን ብቻ መትከል የሴሎንን ዕጣ መጥራት ነው።

መ. የኅብረተሰቡ አደረጃጀት

ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሟቾች ተመዝግበዋል። የ1958ቱ አኃዝ ግምት ነው፤ የ2024ቱም ለጤና ተቋማት የደረሰውን ብቻ ይቆጥራል። ቢሆንም ልዩነቱ ግዙፍ ነው፤ ያኔ ከ20 ሕሙማን አንዱ ሲሞት፣ አሁን ከተመዘገቡት ከ6,000 በላይ አንዱ ሞቷል። ተውሳኩ ርኅራኄ አልተማረም። በ1958ም ክሎሮኪን በዓለም ላይ ነበር፤ ከገጠሩ በሽተኛ ዘንድ ግን አልደረሰም። ዛሬ የተሻለ መድኃኒትና ፈጣን ምርመራ አለ፤ ከ2003 ወዲህም በየቀበሌው የተመደቡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እስከ መንደር ያደርሱታል። በዚያው መጠን ግን ጦርነት የጤና ኬላውን ሲዘጋ፣ መንገድ ሲቆረጥና ደመወዝ ሲቀር የ1958 በር እንደገና ይከፈታል።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ተውሳክ ዕድሉን ይሞክራል እንጂ የሟቹን ቁጥር ብቻውን አይወስንም። የሚወስኑት የአየሩ ሙቀት፣ የአካሉ ልምድ፣ የዘሩ ልዩ ልዩነትና የኅብረተሰቡ ዝግጅት ተባብረው ነው። ሙቀቱን ማዘዝ አንችልም፤ የቀሩት ግን በአብዛኛው በሰው እጅ ናቸው። በመካከላችን ሕክምና የምንማር አለን፤ እርሻ የምንማርም አለን። ሐኪሙ ስለ ጫካው፣ የእርሻ ባለሙያውም ስለ ጤና ኬላው «አይመለከተኝም» የሚል ከሆነ፣ ሁለቱም የተማሩትን በግማሹ ብቻ ይዘው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ።