ኅሊና

ኅሊና የሚለው ቃል ከግእዝ የመጣ ነው። በግእዝ ኀለየ ማለት አሰበ ማለት ነው፤ ኅሊናም አሳብ ማለት ነው። ስለዚህ ሲጻፍ በብዙኃኑ ኀ ይጻፋል። በአማርኛ ግን ቃሉ በብዙ መንገድ ይነገራል። ሰው ታሞ ወይም ወድቆ ራሱን ባያውቅ፥ ኅሊናውን ሳተ ይባላል። ክፉ አድርጎ የማይጸጸተውን ሰው ኅሊና ቢስ ይሉታል። ባጠፋው ነገር ያዘነ ሰው ደግሞ፥ ኅሊናዬ ወቀሰኝ ይላል። እንግዲህ ኅሊና ሰው ሥራውን በውስጡ የሚመረምርበት አሳብ ነው።

ዐይን የሌላውን ፊት ያያል፤ የራሱን ፊት ግን ያለ መስተዋት አያይም። እንደዚሁም ሰው የባልንጀራውን ጥፋት ፈጥኖ ያውቃል፤ የራሱን ግን በኅሊናው ካልመረመረ አያገኘውም።

ለዚህ ምሳሌ አለው። አንድ እረኛ ጨዋታ ይዞት ሳለ፥ የሚጠብቃቸው በሬዎች ከጎረቤት ጤፍ ገቡ። ፈጥኖ ቢያወጣቸውም ብዙ ቡቃያ ተበልቶ ነበር። ማንም አላየውም። ማታ ባለ እርሻው መጥቶ፥ የሚከራከርለት ዘመድ የሌለውን ሌላ እረኛ፥ ያስበላኸው አንተ ነህ ብሎ ገረፈው። ጥፋተኛው ይህን እያየ ዝም አለ።

ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደውም። በመጀመሪያ፥ «የገረፈው ባለ እርሻው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ብሎ አሰበ። ኋላ ግን ራሱን፥ «ጤፉን ያስበላ ማን ነው? ስለ ማን ጥፋት ያ ልጅ ተገረፈ? እኔ በእርሱ ቦታ ብሆን ምን እወድ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። የሚመልሰው ሰበብ አጣ።

ሲነጋ ከባለ እርሻው ደጅ ሄዶ፥ «ጤፉን የበሉት እኔ የምጠብቃቸው በሬዎች ናቸው፤ ያ ልጅ ንጹሕ ነው» አለ። ባለ እርሻውም የተገረፈውን ልጅ አስጠርቶ ይቅርታ ለመነው። ጥፋተኛውም የተረፈውን ጤፍ ሦስት ቀን ሲያርም ዋለ። ግርፋቱ ሊመለስ አልተቻለም፤ በንጹሑ ልጅ ላይ የወደቀው ነውር ግን ተነሣ።

የኅሊና ወቀሳ ብቻውን አይበቃም፤ ጥቅሙ ሰው ወቀሳውን ሰምቶ ያጠፋውን ሲክስ ነው። ዛሬ ወቀሳውን በሰበብ የሚያስተኛ ሰው፥ ነገ ወቀሳውን መስማት ይተዋል። ስለዚህ ልጅ ሁሉ ማታ ከመተኛቱ በፊት ራሱን እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ዛሬ ምን አደረግሁ? ማንን በደልሁ? ነገስ ምን ላቃና?