ወደ ደብረ ዳሞ በገመድ መውጣት፦ ታሪኩ፣ አወጣጡና የጎብኚው ጥንቃቄ

በትግራይ ክልል፣ ከአዲግራት በስተ ምዕራብ፣ አናቱ ጠፍጣፋ ዙሪያውን ገደል የሆነ አምባ ይገኛል። ደብረ ዳሞ ይባላል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ይህ አምባ፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ በሆኑት በአቡነ አረጋዊ እንደተመሠረተ የሚነገርለት ገዳም መቀመጫ ነው። ወደ ገዳሙ የሚያደርስ ደረጃ የለም። ጎብኚው 15 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ የቆመውን ገደል በጠፍር ገመድ መውጣት ይኖርበታል።

ደረጃ ያልተሠራለት ምክንያት

በገዳሙ ትውፊት መሠረት አቡነ አረጋዊ ወደ አምባው የወጡት በእግዚአብሔር ትእዛዝ በዘንዶ ተጠምጥመው ነው። ንጉሥ ገብረ መስቀል ቤተ ክርስቲያኑን ባሠሩ ጊዜ መወጣጫ ተበጅቶ እንደነበረ፣ ሥራው ሲጠናቀቅ ግን እንዲፈርስ እንደተደረገ ይኸው ትውፊት ያስረዳል። በዚህ አተራረክ የደረጃው አለመኖር ታስቦበት የተወሰነ ነው። ገመዱም ዘንዶውን የሚያስታውስ ተደርጎ ይቆጠራል።

የአወጣጡ አስቸጋሪነት ለቅርሱ መጠበቅ ከፍተኛ ድርሻ አበርክቷል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት ዘመን አምባው መጠጊያ የነበረ ሲሆን፣ አፄ ልብነ ድንግልም እ.ኤ.አ. በ1540 ያረፉት በዚሁ ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 በአምባው ላይ ከ100 በላይ የኩሻን የወርቅ ሳንቲሞች መገኘታቸው ደግሞ አክሱም ከሕንድ ምድር ጋር ለነበራት ግንኙነት ማስረጃ ሆኗል።

በአምባው ላይ የሚታየው

ዋናው ቤተ ክርስቲያን በሀገራችን ሳይፈርሱ ከቆዩት ሕንፃዎች በዕድሜ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ግድግዳው ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቁ የተነባበሩበት ሲሆን፣ የአግዳሚ እንጨቶቹ ጫፎች ወደ ውጭ ብቅ ብለው ይታያሉ። የአክሱም ሐውልቶች በድንጋይ ላይ ቀርጸው ያሳዩትን የአሠራር ጥበብ ጎብኚው እዚህ በእውነተኛ ሕንፃ ላይ ያገኘዋል። የጣሪያው የእንጨት ገበታዎች የአንበሳ፣ የዝሆንና የሌሎች እንስሳት ቅርጽ ተቀርጾባቸዋል። ሕንፃው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በእንግሊዛዊው አርክቴክት በዴሪክ ማቲውስ መሪነት ታድሷል። ከዐለት ተፈልፍለው የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምባቸው ጉድጓዶችም መነኮሳቱ በአምባው ላይ እንዴት ሊኖሩ እንደቻሉ ያስረዳሉ።

አወጣጡ

ለመውጣት ሁለት ገመድ ያገለግላል። አንደኛው ከላይ የታሰረ ወፍራም የጠፍር ገመድ ሲሆን ወጪው በእጁ ይጨብጠዋል። ሁለተኛው በወጪው ወገብ ላይ ይታሰርና ከላይ ያለው መነኩሴ ቀስ በቀስ ይስበዋል። ክብደትን በክንድ ብቻ ለመሸከም መሞከር ቶሎ ያደክማል። እግርን በዐለቱ ላይ ባሉት መርገጫዎች አጽንቶ፣ ሰውነትን በእግር ገፍቶ ከፍ ማድረግ ይገባል። ሲወርዱ መርገጫው ስለማይታይ፣ ከላይም ከታችም የሚሰጠውን መመሪያ ሰምቶ በዝግታ መውረድ ያሻል።

ሊወሰድ የሚገባው ጥንቃቄ

የወገቡ ገመድ በሚገባ መታሰሩ ሳይረጋገጥና ከላይ ያለው መነኩሴ ምልክት ሳይሰጥ መውጣት አይገባም። ዝናብ ዐለቱን ስለሚያሙለጨልጭ፣ እስኪደርቅ መታገሥ ይመረጣል። የልብ ሕመም ያለበት ወይም ከፍታ ላይ ራሱን የሚያዞረው ሰው ከመውጣት ቢቆጠብ መልካም ነው፤ ገደሉ ሥር ደርሶ ሐሳብን መለወጥም አያሳፍርም። ቦርሳና ካሜራ ለብቻቸው በገመድ እንዲሳቡ ማድረግ እጅን ነጻ ያደርጋል። ከጉዞ በፊት ስለ አካባቢው ወቅታዊ ሁኔታ መጠየቅ አስፈላጊ ነው።

በገዳሙ ሥርዓት መሠረት ወደ አምባው የሚወጡት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ ሥርዓቱ ለቤት እንስሳትም ይሠራል። ስለሆነም አስጎብኚዎች ሴት ጎብኚዎች ረጅም መንገድ ከተጓዙ በኋላ በገደሉ ሥር እንዳያዝኑ ይህን አስቀድመው ማሳወቅ ይኖርባቸዋል። የአቡነ አረጋዊ በዓል በሚከበርበት ጥቅምት 14 ምእመናን ስለሚበዙ፣ ተራን በትዕግሥት መጠበቅ ይገባል።

ደብረ ዳሞ ከሁሉ አስቀድሞ የጸሎት ስፍራ ነው። ፎቶግራፍ ከማንሳት በፊት ማስፈቀድ፣ በሥርዓተ ቅዳሴ ጊዜ ዝም ማለት፣ ጥንታዊ እንጨቶችንና ሥዕሎችን አለመንካት የእያንዳንዱ ጎብኚ ግዴታ ነው። ገደሉና ገመዱ ለዘመናት የጠበቁትን ቅርስ፣ ዛሬ ወደ ላይ ለመውጣት የተፈቀደለት ጎብኚም እንደነርሱ ሊጠብቀው ይገባል።